የሞተር ውሃ

አባቴ በመጨረሻው ሕመሙ ውሃ አልጠጣም አለ። ሐኪሙ መጥቶ አየውና፣ «ሌላው ሁሉ ይቅርበት፤ ውሃ ብቻ አጠጡት። ካልጠጣ ሳምንቱን አይጨርስም» ብሎን ሄደ። ሙቀቱ የጠናበት ወር ነበር፤ የቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል። እናቴና እኔ ማንቆርቆሪያና ስኒ ይዘን አልጋው ዳር ተቀመጥን። ስኒውን ከንፈሩ ላይ ስናደርስ ጥርሱን ይገጥማል። ስንለምነው፣ «ተራዬ አይደለም» ይላል።

በአልጋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ በቀኙ በኩል፣ ቀይ ቀለም የተቀባ የቤንዚን ቆርቆሮ አለ። ውስጡ ጢም ብሎ የሞላው ንጹሕ ውሃ ነው። ከዚያ ቆርቆሮ ማንም ጠጥቶ አያውቅም። ለምን እንደማይጠጣ እኔና እናቴ የምናውቅ መስሎን ነበር፤ ያወቅነው ግን ግማሹን ነው።

እኔ ነገር ማለስለስ አይሆንልኝም። እናቴ «ምላስሽን ሞረድ ላይ ነው ያሳደግሽው» ትለኛለች። ስለዚህ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ውሸታምም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የዋሸው አንድ ውሸት ብቻ ነው፤ ግን ያንን አንዱን ስንት ጊዜ እንደዋሸው ቁጥሩን አላውቀውም።

ከተማው የሚያውቀው «አይፈላም» በሚል ቅጽል ስም ነው። እሱ ሾፌር በነበረበት ዘመን መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የማይፈላ ደግሞ አልነበረም። ወደ ከተማው የሚያስገባውን ውሃ የሌለበት ሜዳ አቋርጠው ሲመጡ ከፊታቸው እንፋሎት እየተፉ ነው የሚገቡት። የሾፌሮቹም እጅ በፈላ ውሃ ተልጦ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይከርማል። የአባቴ መኪና ግን አትፈላም። ስሙ መጀመሪያ የመኪናዋ ነበር፤ ውሎ አድሮ ወደ እሱ ተላለፈ። እሱም ቱግ የማይል ሰው ስለነበር ስሙ ልኩ ሆነ። እናቴ ብቻ፣ «ክዳኑ ስለጠበቀ ነው እንጂ ውስጡማ ይንተከተካል» ትል ነበር።

መኪናዋ የእሱ አልነበረችም፤ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ግን ነጋዴው ስለ መኪናዋ የሚያውቀው የመቀመጫዋን ልስላሴ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ የአባቴ ነበር። ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ በሁለት ጣሳና በአንድ የጎማ ቱቦ ሞተር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያስረዳኝ ነበር። ጎረቤቶች «ሴት ልጅ ሞተር ምን ያደርግላታል?» ሲሉት፣ «ጆሮ አላት አይደል እንዴ» ይላቸዋል።

ያኔ ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ መኪናዋ ላይ አልነበረም። ውሃው ሲሞቅ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ገብቶ ነፋስ ሲመታው ይቀዘቅዝና ወደ ታች ይወርዳል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ታዲያ ውሃው ከላይኛው ቱቦ አፍ አንድ ጣት ዝቅ ካለ መዞሩን ያቆማል። ያኔ ጉድ ፈላ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ እዚያው ታግዶ ይፈላል፣ ብረቱ ይግላል፣ መኪናዋ ትቆማለች። ሜዳው ላይ የቆመች መኪናን ደግሞ ማን መጥቶ ያነሳታል? እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ሌላ መኪና በዚያ ላያልፍ ይችላል።

ስለዚህ አባቴ ሕግ ነበረው። ሜዳው ሲጀምር የሞተሩን ኮፈን ከሁለቱም ጎን ከፍቶ በገመድ ያስረዋል፣ ነፋስ እንዲያገኘው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ከቆዳ ስለሆነ በሙቀት ይለጠጣል፤ በየእረፍቱ በጣቱ ጫን ብሎ ይፈትሸዋል። ከመሪው ሥር ያለችውን የእሳት ማስቀደሚያ ዘንግ ትንሽ እንኳ ወደ ኋላ አይተዋትም፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት ከዘገየ ሞተሩ ይግላልና። ራዲያተሩ ቀዳዳ ውስጥ የተሰገሰገውን የሣር ፍሬና አንበጣ በመጥረጊያ ስንጥር አንድ በአንድ ይለቅማል። ሲቆም የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ ያዞራል እንጂ ጀርባዋን አይሰጥም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፈስም፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ እስከ አሥር ይቆጥራል። አሥር ድረስ ከቻለ ያፈሳል፤ ካልቻለ ይጠብቃል። «ሞተር የሚገድለው ሙቀት አይደለም፣ ችኮላ ነው» ይለኝ ነበር።

ውሃውም ተራ ውሃ አልነበረም። የጉድጓዳችን ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ራዲያተር ውስጥ ከገባ ቱቦውን ይደፍነዋል። ስለዚህ አባቴ የዝናብ ውሃ ያጠራቅምና በነጭ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ያጠልለዋል። እኛ ጨዋማውን እንጠጣለን፣ ሞተሩ ጥሩውን። እናቴ በርሜሉን እያየች፣ «ምነው እኔንም መኪና አድርጎ በፈጠረኝ» ትላለች። ቀልዷ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ምሯን ነበር።

አሁን ወደ ውሸቱ ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች አንዱ ላይ የነጋዴው እንግዶች የሞተሩን ውሃ ደብቀው ጠጡት። መኪናዋ ሜዳው መሀል ደረቀች። ሁለት ቀን ሙሉ ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ከረሙ፤ አንደኛው እንግዳ አእምሮውን ስቶ ነበር ሰው የደረሰላቸው። ከዚያ በኋላ አባቴ ሦስት ቆርቆሮ አዘጋጀ፦ አንድ ነጭ ለሰው፣ ሁለት ቀይ ለሞተር። ተሳፋሪ ሁሉ «ቀዩን አትንኩ፣ ጋዝ ተቀላቅሎበታል፣ ይመርዛል» ይባላል። ሽታው እንዲመሰክርለትም የቆርቆሮውን አፍ ዳር ዳሩን ላምባ በነከረ ጨርቅ ያብሰዋል። ውሃው ግን ንጹሕ ነው። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሠራም፤ ከዚያ ወዲህ ቀዩን የነካ የለም። አፉም ውሸቱን ለመደው። አንድ ሰው ወደ ቀዩ ቆርቆሮ ዓይኑን ከጣለ፣ አባቴ ሳያስበው «ጋዝ አለበት» የሚለው ቃል ከአፉ ይወጣል።

እኔ ነፍስ ሳውቅ አንደኛው ቀይ ቆርቆሮ ቤታችን ገብቶ አልጋው ጥግ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌውን ውሃ ይደፋና አዲስ አጥልሎ ይሞላዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ «አባዬ፣ ይሄ ውሃ ለምንድን ነው የማይጠጣው?» አልኩት።

«ጋዝ አለበት» አለኝ።

ተጎንብሼ አሸተትኩት። ጣቴን ነክሬ ላስኩት። «ውሸትህን ነው፣ ምንም የለበትም» አልኩት። ሌላ አባት ቢሆን ጆሮዬን ይዞ ባዞረኝ ነበር። እሱ ግን አልጋው ላይ ቁጭ አለና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ዓይኑን ከቆርቆሮው ላይ አልነቀለም። እኔም ፈራሁ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ ልክ ነበርኩና።

ሌላም ነገር ነበር። ከአባቴ ጋር መንገድ ስወጣ ሁልጊዜ በግራው ነው የምሄደው። ረስቼ በቀኙ ከመጣሁ ይቆማል፤ ትከሻዬን ይዞ ወደ ግራ ያዞረኛል። በቀኙ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሰው ሲያልፍበት እንኳ ደስ አይለውም። ልጅ እያለሁ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። አድጌ ግን ወደዚያ ባዶ ቦታ ማየት አስፈራኝ፤ አባቴ እዚያ ላለ ሰው እርምጃውን እንደሚያሳጥር ልብ ብዬ ነበርና።

ምክንያቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ላገባ ሰሞን። እሷም ከእሱ የሰማችው አንድ ቀን ብቻ ነው።

የዓመቱ ክፉ ሙቀት ነበር። አባቴ ነጋዴውንና ሁለት እንግዶችን ጭኖ ሜዳው መሀል ሲደርስ ነጩ ቆርቆሮ አልቋል። ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ከመንገዱ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ሥር አንዲት ሴት ተነስታ እጇን ዘረጋች። ነፋሱ ከኋላቸው ነው የሚመጣው፤ እዚያ ላይ ከቆመ ሞተሩ እንደሚፈላ ያውቃል። ስለዚህ አልቆመም፤ መኪናዋን በሰው እርምጃ ልክ ነዳት። ሴትዮዋ በቀኝ በኩል ከጎማው መከለያ ጎን ጎን እየተራመደች፣ «ወንድሜ፣ ጉሮሮዬን ላርጥብበት» አለችው። ነጋዴው ከኋላ «ንዳ፣ ንዳ» ይላል። አባቴ የሞተር ውሃ እንጂ የሰው ውሃ እንደሌለ ነግሯት አለፈ።

ማታ ከተማ ሲገቡ አንደኛው ቀይ ቆርቆሮ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር። አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠውና ቆሞ አየው። በማግስቱ ልመለስ ቢል ነጋዴው መኪናዋን ፈለጋት። በሦስተኛው ቀን ሄደ። ቁጥቋጦው አለ፣ ሴትዮዋ የለችም። ወዲያም ወዲህም ያሉትን መንደሮች ጠየቀ። አየኋት የሚል አልተገኘም፤ ቀበርኳት የሚልም አልተገኘም።

እናቴ ያኔ ልታጽናናው ብላ፣ «በቃ እንግዲህ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብላው ነበር። እሱም፣ «አልፈሰሰም እኮ» አላት። «እሱ ነው የገደለኝ። ሙሉውን ነው ይዤው የገባሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳውን ባቋረጠ ቁጥር ቁጥቋጦው ጋ ይቆማል። ነፋሱ ከኋላ ስለሆነ መኪናዋ እዚያ ላይ ትፈላለች፤ ተሳፋሪዎቹ «ዛሬ አይፈላም ፈላ» እያሉ ይስቃሉ። እሱ አንድ እንስራ ውሃ ቁጥቋጦው ሥር ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጉዞ ሲመጣ እንስራው ደርቆ ያገኘዋል፤ ሰው ይጠጣው ፀሐይ፣ የሚያውቅ የለም። እየቆየ ደግሞ መኪናዋን በዝግታ በነዳ ቁጥር በቀኙ በኩል የእግር ኮቴ መስማት ጀመረ። ባዶ እግር ነው፤ አቧራ ላይ የሚራመድ፤ ፍጥነት ሲጨምር እየሮጠ የሚከተል። ኋላ አዲስ መንገድ ወጣ፣ ፓምፕ ያላቸው መኪኖች መጡ፣ ነጋዴውም ሞተ። አባቴ መሪ መያዙን ትቶ ጋራዥ ውስጥ ራዲያተር በያጅ ሆነ። ኮቴው ግን አልተወውም፤ ከሜዳው አብሮት ወጥቶ በከተማው መንገድ ላይ በቀኙ ይሄድ ነበር።

እናቴ ይህን ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነበር። እኔ ደግሞ፣ «አንድ ጣሳ ቢሰጣት ምን ነበረበት?» አልኳት። «እሱም ይኸንኑ ነው ዕድሜውን ሙሉ የሚጠይቀው፤ አንቺ አትድገሚበት» አለችኝ። አልደገምኩበትም። ግን በልቤ ፈርጄበት ነበር፤ እስኪታመም ድረስም ፍርዴን አላነሳሁለትም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሐኪሙ ከሄደ በሦስተኛው ቀን፣ ልክ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ የአባቴ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ደም አውጥቷል። ትንፋሹ ይፋጃል። እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ መዳፌን ግንባሩ ላይ አሳርፌ፣ ሳላስበው፣ መቁጠር ጀመርኩ። አሥር ድረስ ቆጠርኩ። ከዚያ ተነሳሁና አልጋውን ዞሬ በቀኙ በኩል፣ ቆርቆሮው ካለበት ጠባብ ቦታ ገባሁ። ያንን ቦታ ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ ረግጬው አላውቅም።

አባቴ አንገቱን አዞረና አየኝ። ዓይኑ እኔን አላወቀኝም።

«መጣሽ?» አለ።

እኔ ነኝ አባዬ፣ ልጅህ ነኝ፣ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። በውሸቱ ስወቅሰው የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ያ ፊት ሰው ሲጠብቅ የኖረ ፊት ነበር፤ እኔ እንዳልሆንኩ ብነግረው እንደገና መጠበቅ ሊጀምር ነው፣ የቀረው ቀን ደግሞ የለም።

«መጣሁ» አልኩት። «ወንድሜ፣ ጉሮሮዬን ላርጥብበት።»

ሊነሳ ሞከረ። ክንዱን ደግፌ በጎኑ አቀናሁት። ቆርቆሮውን ማንሳት እንደማይችል ሁለታችንም አወቅን፤ ስለዚህ እኔ አጋደልኩት፣ እሱ እጁን በእጄ ላይ አድርጎ አብሮኝ አጋደለ። ስኒው ሞላ። እኔ ስኒውን ይዤ ስቆይ ግን ፊቱ ተጨነቀ።

«ጠጪው» አለኝ። «ጋዝ የለበትም። ያን ጊዜ ጋዝ አለበት ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው። ንጹሕ ውሃ ነው። አመንሽኝና መንገድ ለቀቅሽልኝ።»

በሩ ላይ እናቴ ማልቀሷን አቆመች። ይህን ለእሷም አልነገራትም ነበር። ለካ ሴትዮዋ ቀዩን ቆርቆሮ አይታ ወደ እሱ ጠቁማለች፤ እሱም የለመደውን ቃል ሳያስብ ነግሯታል። እሷም ሾፌር የተናገረውን አምና፣ እንዳትገጭ፣ ወደ ዳር ፈቀቅ ብላ አሳልፋዋለች።

ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንሽ ብረት ብረት ይላል። እስከ መጨረሻው ጠጥቼ ስኒውን ገልብጬ አሳየሁት። እፎይ የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ከትከሻዬ በላይ፣ ወደ ጀርባዬ፣ አድርጎ ቀረ።

«ለልጁም ስጪው» አለ።

አልገባኝም። እናቴን አየኋት፤ እሷም አልገባትም።

«ያዘልሽውን» አለ። «አንገቱ ዘንበል ብሎ ነበር። የተኛ መስሎኝ ነው። እኔ ተኝቷል ብዬ ነው ያለፍኩት።» ከዚያ እጄን ጨበጠኝ፤ በዚያ ድካሙ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «ነቃ?»

እናቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። እኔ መልሱን አላውቀውም። በዚህ ምድር ላይ የሚያውቀው ሰው ካለ፣ የት እንዳለ አላውቅም። ሰው ይፈረድበት እያልኩ ከኖርኩ በኋላ፣ ፍርዱ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ጣቴን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሬ ወደ ኋላዬ፣ ወደ ባዶው ትከሻዬ፣ ዘረጋሁ።

«ነቅቷል» አልኩት። «ይኸው፣ ጠጣ።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «እንግዲያው አሁን ስጡኝ» አለ። ከቀዩ ቆርቆሮ ሦስት ስኒ ቀድቼ አጠጣሁት፤ ሳይቋረጥ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረ። በነዚያ ቀኖች የሰጠነውን ውሃ ሁሉ ይጠጣ ነበር፣ ጨዋማውንም ጭምር። ከእናቴ ጋር ይቀልዳል፤ እኔን በስሜ ይጠራኛል። ስለ ሜዳው አንድም ቃል አልተነፈሰም። አሥረኛው ቀን ላይ፣ ጠዋት፣ እናቴ ፊቱን እያጠበችው ሳለ ሞተ።

ሰዎች በእርጋታ ሞተ ብለው ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ሐሰቱን እኔ ተሸክሜው ቀርቻለሁ። ያ ልጅ መንቃቱን ማንም አልነገረኝም። ቆርቆሮውን ልደፋው ሁለት ጊዜ ደጅ አውጥቼው ሁለት ጊዜ መልሼ አስገባሁት። ቅዳሜ ሲደርስ ውሃውን አጥልዬ ቀየርኩት።

ከቀብር ስንመለስ መንገዱ ሞቃት ነበር፣ አቧራውም ይጨሳል። እናቴ ደክሟት ክንዴን ልትይዝ በቀኜ በኩል መጣች። ቆምኩና ትከሻዋን ይዤ ወደ ግራዬ አዞርኳት። እሷም ምንም ሳትጠይቀኝ ዞረች።